ስም የቀደመው ነው

ዲቪ በሚሞላበት ሰሞን በየሰፈሩ የሚታይ ትዕይንት አለ። ኢንተርኔት ቤቱ በር ላይ «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት ይለጠፋል፤ ወጣቱ ፎቶውን ይዞ ይሰለፋል። ማመልከቻው በፖስታ መላኩ ቀርቶ በኢንተርኔት ብቻ የሆነው ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ ነው (ካልተገለጸ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አንድ ማስጠንቀቂያ መድገም አልሰለቸውም፦ ትክክለኛው መመዝገቢያ አንድ ብቻ ነው፤ የአድራሻው መጨረሻም «ዶት ጎቭ» ነው።

ማስጠንቀቂያው የሚደጋገመው ያለ ምክንያት አይደለም። ባንዲራና ንስር የለጠፉ፣ ስማቸው ውስጥ «ዲቪ»፣ «ግሪን ካርድ»፣ «ዩኤስኤ» የሚሉ ቃላት የደረደሩ፣ መጨረሻቸው ግን «ዶት ኮም» ወይም «ዶት ኦርግ» የሆነ ገጾች ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ገንዘብ ይቀበላል። አንዳንዱ የፓስፖርት ቁጥርና የቤተሰብ ዝርዝር ይሰበስባል።

እንዲህ ዓይነቱን አድራሻ ማን ሰጣቸው? ማንም አልሰጣቸውም፤ ራሳቸው ገዙት። ሲገዙትም «አንተ ማን ነህ? ይህ ስም ምንህ ነው?» ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። ብዙ ሰው ይህን የቁጥጥር መላላት አድርጎ ያየዋል። እውነቱ ግን ኢንተርኔት ከመነሻው የተሠራው እንዲህ ሆኖ ነው። ለምን እንዲህ እንደተሠራ ያላወቀ ድርጅት ስሙን ሊጠብቅ አይችልምና ታሪኩን ከሥሩ እንየው።

* 

ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚገናኙት በቁጥር ነው። ሰው ግን ቁጥር ይረሳል፤ ስለዚህ ለቁጥሩ ስም ወጣለት። በ1970ዎቹ የስሞቹ ዝርዝር አንድ ፋይል ብቻ ነበር። ፋይሉን ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ የምርምር ተቋም ኤልዛቤት ፋይንለር የምትመራው ቡድን ይይዘው ነበር። አዲስ ኮምፒውተር ያገናኘ ተቋም ለእነሱ ያሳውቃል፣ እነሱ ይመዘግባሉ፣ ሌላው ፋይሉን ይገለብጣል።

ኔትወርኩ ሲሰፋ ይህ አሠራር መሸከም አቃተው። በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ከጆን ፖስቴል ጋር ሆኖ ዛሬም የምንጠቀምበትን የዶሜይን ስም ሥርዓት ነደፈ። መጋቢት 15 ቀን 1985 ሲምቦሊክስ የተባለ የኮምፒውተር ኩባንያ የመጀመሪያውን የ«ዶት ኮም» ስም አስመዘገበ።

በዚያ ዘመን ተጠቃሚዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የመከላከያ ቤተ ሙከራዎችና ጥቂት ኩባንያዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ይተዋወቁ ነበር። በሚተዋወቁ ሰዎች መንደር በር መቆለፍ እንደማያስፈልግ ሁሉ እዚያም ማጣራት አላስፈለገም። ደንቡ ቀላል ነበር፦ ቀድሞ የመጣ ይወስዳል። በመጋቢት 1994 ፖስቴል ያወጣው ሰነድ በሁለት ሰዎች መካከል በስም ላይ ጸብ ቢነሳ የመዝጋቢው ድርሻ የአንዱን አድራሻ ለሌላው ከመስጠት አያልፍም ይላል። ዳኝነት የእኔ ሥራ አይደለም ማለቱ ነው።

መንደሩ ከተማ ሲሆን ግን ይህ ደንብ ሳይለወጥ ቀረ። መዘዙ የሚመጣው ከዚህ ነው።

*

በዚያው በ1994 ጆሹዋ ኪትነር የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ስለ ኢንተርኔት ስሞች ሲያጣራ ብዙ ትልልቅ ኩባንያዎች የገዛ ስማቸውን እንዳልያዙ አየ። ማክዶናልድስም ከእነሱ አንዱ ነበር። ጋዜጠኛው ለኩባንያው ደወለ፤ ነገሩን ከቁም ነገር የቆጠረው አላገኘም። ስለዚህ «ማክዶናልድስ ዶት ኮም»ን በራሱ ስም አስመዘገበ። ያኔ ምዝገባው በነጻ ነበር፤ በዓመት 50 ዶላር መከፈል የጀመረው በመስከረም 1995 ነው። ታሪኩን ዋየርድ መጽሔት ላይ ጽፎ «ምን ላድርገው?» ብሎ አንባቢዎቹን ጠየቀ። በመጨረሻ ኩባንያው 3,500 ዶላር ለአንድ የኒውዮርክ የሕዝብ ትምህርት ቤት ለገሰና ስሙን ተረከበ።

ኪትነር ጨዋ ሰው ነበር፤ የፈለገው ማስጠንቀቅ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን ነጋዴዎች ነበሩ። ስማቸው ከሁሉ በላይ የሚነሳው ዴኒስ ቶፐን የተባለ የኢሊኖይ ነዋሪ ነው። የአየር መንገድ፣ የልብስ መደብርና የሌሎች ታዋቂ ድርጅቶች ስሞችን ከ100 በላይ ያዘ። ከእነዚህ አንዱ የፊልም ካሜራ አምራቹ የፓናቪዥን ስም ነበር። ኩባንያው በ1995 መጨረሻ ገጽ ሊከፍት ሲሄድ ስሙን ተይዞ አገኘው። ገጹ ላይ ያለው ፓና የምትባል የኢሊኖይ ከተማ ፎቶ ነው። ቶፐን 13,000 ዶላር ጠየቀ። ኩባንያው እምቢ ሲል ሁለተኛውን የንግድ ምልክቱን፣ ፓናፍሌክስን፣ ጨምሮ አስመዘገበበት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1998 የይግባኝ ሰሚው ችሎት ለፓናቪዥን ፈረደ። ችሎቱ ሥራው ስሞችን ይዞ ለባለቤቶቻቸው መሸጥ የሆነ ሰው ስሙን ለንግድ እንደተጠቀመበት ይቆጠራል አለ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሕጉ የመጣው ስሞቹ ከተወሰዱ በኋላ ነው። ኅዳር 29 ቀን 1999 አሜሪካ የስም ቀማኞችን የሚመለከት ሕግ አወጣች፤ በክፋት ለተያዘ ለአንድ ስም ከ1,000 እስከ 100,000 ዶላር ካሳ ሊወሰን ይችላል። በዚያው ዓመት ስሞቹን ከላይ ሆኖ የሚያስተዳድረው አይካን የተባለ ድርጅት ዓለም አቀፍ የግልግል ደንብ አጸደቀ። የመጀመሪያው ውሳኔ ጥር 14 ቀን 2000 ተሰጠ። አንድ ካሊፎርኒያዊ የትግል ትርዒት ድርጅትን ስም አስመዝግቦ በቀናት ውስጥ በ1,000 ዶላር ልሽጥላችሁ ብሎ ነበር፤ ስሙ ለባለቤቱ እንዲመለስ ተወሰነ።

ደንቡ ዛሬም ይሠራል። አቤት ባዩ ሦስት ነገር ማሳየት አለበት፦ የተያዘው ስም ከእርሱ የንግድ ምልክት ጋር አንድ ወይም እስኪያደናግር ድረስ ተመሳሳይ መሆኑን፤ ያዡ በስሙ ላይ መብትም ሆነ ቅን ምክንያት እንደሌለው፤ ስሙ የተመዘገበውም አገልግሎት ላይ የዋለውም በክፉ ልቦና መሆኑን። ሦስቱም ካልተሟሉ አቤቱታው ይወድቃል። በዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ዘንድ አንድ ዳኛ ለሚያየው ተራ ጉዳይ ክፍያው 1,500 ዶላር ነው። በ2023 ብቻ ወደዚህ ድርጅት 6,192 አቤቱታዎች ቀርበዋል። ከመጀመሪያው ውሳኔ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶም ችግሩ አልቀነሰም።

*

እዚህ ላይ ቆም ብለን ሌላውን ወገን እንስማ። ቀድሞ የመጣ ሁሉ ሌባ አይደለም።

ኡዚ ኒሳን ተወልዶ ያደገው እስራኤል ነው፤ ኑሮውን ያደረገው ሰሜን ካሮላይና። ኒሳን የቤተሰቡ ስም ነው። ከ1980 ጀምሮ በዚህ ስም ንግድ ነበረው፤ በ1994 ለኮምፒውተር ሱቁ «ኒሳን ዶት ኮም»ን አስመዘገበ። በታኅሣሥ 1999 የጃፓኑ የመኪና ኩባንያ በ10 ሚሊዮን ዶላር ከሰሰው። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ የሰውየውን ጥሪት በላ። ፍርድ ቤቱ በመሐል ገጹን ለንግድ እንዳይጠቀምበት ቢከለክለውም ስሙን ግን አልነጠቀውም። ኡዚ ኒሳን በ2020 እስኪሞት ድረስ አድራሻውን አለቀቀም።

የኒውዚላንድም ታሪክ እንዲሁ ያስተምራል። በ2002 መንግሥቷ በንግሥቲቱ ስም ሆኖ «ኒውዚላንድ ዶት ኮም» ይመለስልኝ ብሎ ለግልግል ዳኞች አመለከተ። አድራሻውን የያዘው አሜሪካዊ ኩባንያ ነበር። ዳኞቹ የአገር ስም በራሱ የንግድ ምልክት አይደለም ብለው አቤቱታውን ጣሉት። በዓመቱ አገሪቱ ግማሽ ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ ከፍላ ገዛችው። የንግሥት ማዕረግ ያላስገኘውን ስም ገንዘብ አስገኘው።

ከሁለቱ ታሪኮች የምንረዳው የግልግሉ ደንብ ትልቁን ከትንሹ ለይቶ እንዳልተሠራ ነው። የሚያየው ማስረጃ ነው። በስምህ ላይ አስቀድሞ የያዝከው ወረቀት ከሌለ ትልቅነትህ አይረዳህም።

*

ሌቦቹም አልተኙም። ሙሉ ስም መያዝ በሕግ ሲያስጠይቅ ወደ ፊደል ስህተት ዞሩ። ሰው ሲጽፍ አንድ ፊደል ይዘላል፣ አንዱን ይደግማል። ጆን ዙካሪኒ የተባለ አሜሪካዊ ልጆች የሚወዷቸውን የዲዝኒላንድንና የቴሌተቢስን ስም የመሳሰሉትን በተሳሳተ አጻጻፍ እያስመዘገበ ሕፃናቱን ወደ ብልግና ገጾች ይነዳ ነበር። የያዛቸው ስሞች በሺህ የሚቆጠሩ ነበሩ። በ2003 ተይዞ በቀጣዩ ዓመት 30 ወር ተፈረደበት።

ከዚያ ደግሞ ዓይንን የሚያታልለው መጣ። በላቲን ፊደል ትንሹ አር እና ኤን ጎን ለጎን ሲሆኑ ኤም ይመስላሉ። ትንሹ ኤል ከ1 ቁጥር፣ ኦ ደግሞ ከዜሮ አይለይም። ይባስ ብሎ አንዳንድ የሩሲያ ፊደላት ከላቲን ጋር መንታ ናቸው። በ2017 አንድ የደኅንነት ተመራማሪ «አፕል ዶት ኮም»ን ሙሉ በሙሉ በሩሲያ ዘር ፊደላት አስመዝግቦ አሳየ። በወቅቱ በነበሩት የክሮምና የፋየርፎክስ ማሰሻዎች ላይ ከእውነተኛው ጋር በዓይን የሚለይ አልነበረም። የደኅንነት ምልክት የሆነችው ቁልፍም አጠገቡ ነበረች። ቁልፏ የምትለው የምትልኩት መረጃ መንገድ ላይ በሌላ ሰው አይነበብም ነው፤ የምትልኩለት ሰው ታማኝ ነው አትልም።

ያም ሆኖ ከሁሉ የሚያሳዝነው ድርጅቶች በራሳቸው ላይ የሠሩት ነው። በዚያው በ2017 ኤክዊፋክስ የተባለው የአሜሪካ የብድር መረጃ ድርጅት የ147 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች መረጃ ተሰረቀበት። ለተጎጂዎች መረጃ የሚሰጠውን ገጽ በሚታወቀው አድራሻው ሥር በማድረግ ፈንታ ረጅም አዲስ ስም ገዝቶ ከፈተ። አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ የዚያኑ ስም ቃላት ቦታ አቀያይሮ አስመሳይ ገጽ ሠራ፤ ዓላማው ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ማሳየት ነበር። የድርጅቱ የራሱ የትዊተር ገጽ ሠራተኞች ሳይቀሩ ተሳስተው ደንበኞችን በተደጋጋሚ ወደ አስመሳዩ ላኩ። የገዛ ሠራተኛው ያልለየውን አድራሻ ደንበኛው እንዴት ይለየዋል?

መርሳትም አለ። የዶሜይን ስም ኪራይ ነው፤ ካልታደሰ ያልፋል። በ1999 የገና ዋዜማ ማይክሮሶፍት የሆትሜይል ተጠቃሚዎች የሚገቡበትን «ፓስፖርት ዶት ኮም» ማሳደስ ረስቶ አገልግሎቱ ተስተጓጎለ። አንድ ቅን ፕሮግራመር ከኪሱ 35 ዶላር ከፍሎ አሳደሰለት። ሁሉም ሰው እንዲህ ዓይነት ቅን ሰው አይገጥመውም።

*

ወደ አገራችን እንምጣ። ስም ቀድሞ አለመያዝ ምን እንደሚያስከፍል ኢትዮጵያ በቡናዋ አይታዋለች። በ2005 የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤታችን ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት፣ በሲዳሞ ስም ከዓመት በፊት ስታርባክስ አመልክቶ ተገኘ። ኩባንያው ማመልከቻውን ቢተወውም የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ነገሩ በ2007 በስምምነት እስኪያልቅ ድረስ ብዙ ደከምን። የቡናው ምድር የእኛ መሆኑን ማንም አልካደም። የተከራከርነው በስሙ ምዝገባ ላይ ነው። ዶሜይንም እንዲሁ ነው።

የእኛ ችግር ከሌላው በአንድ ደረጃ ይብሳል እላለሁ፤ ምክንያቱም ስሞቻችን በላቲን ፊደል አንድ ቋሚ አጻጻፍ የላቸውም። ሐረርን አንዱ በአንድ አር፣ ሌላው በሁለት አር ይጽፋል። ይርጋጨፌን አንዱ ያያይዛል፣ ሌላው ለሁለት ይከፍላል። «ፀ»ን አንዱ በቲኤስ፣ ሌላው በቲዜድ ይጀምራል። እንግሊዛዊ ደንበኛ የድርጅቱን ስም ሲሳሳት በእጁ ስህተት ነው፤ የእኛ ደንበኛ ግን በትክክል ጽፎም ሌላ ቦታ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ አስመሳዩ የደንበኛውን ስህተት መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ሁለተኛውን ትክክለኛ አጻጻፍ መያዝ ይበቃዋል።

በገዛ ፊደላችን ብንጽፍስ? እዚያም ሀ፣ ሐ፣ ኀ አሉ፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ አሉ። «ዓለም»ን ዛሬ ሰው በአራት ዓይነት ይጽፈዋል። የግዕዝ ፊደል ባለሙያዎች ቡድን ይህን አስቀድሞ አይቶታል። አይካን በ2017 ለአድራሻ መጨረሻ ክፍል በተቀበለው የግዕዝ ፊደል ደንብ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት እንደ ተለዋጭ ይቆጠራሉ፤ በአንዱ የተጻፈ ስም ከተያዘ በሌላው የተጻፈው ለባዕድ አይሰጥም። ፈረንጁ ከ20 ዓመት ክስ በኋላ የተማረውን እነዚህ ሰዎች ገበያው ሳይከፈት ሠሩት። ምስጋና ይገባቸዋል።

*

እንግዲህ ምን ይደረግ? አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ነው።

ድርጅት ያላችሁ፣ በቅድሚያ ዶሜይናችሁ በማን ስም እንደተመዘገበ ዛሬውኑ አጣሩ። እኛ አገር ገጹን የሠራው ልጅ በራሱ ኢሜይል ማስመዝገቡ የተለመደ ነው፤ ልጁ ሲለቅ ስሙም አብሮት ይወጣል። በድርጅቱ ስምና በድርጅቱ ኢሜይል ይሁን፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይኑረው፤ ወደ ሌላ መዝጋቢ እንዳይዛወር መቆለፊያው ይብራ፤ እድሳቱም በራሱ የሚፈጸም ይሁን።

ቀጥሎ ሰው በተለምዶ የሚጽፋቸውን ሁለት ሦስት አጻጻፎች ያዙ፤ ከ«ዶት ኮም» ጋር በኢትዮ ቴሌኮም በኩል የሚሰጠውን «ዶት ኮም ዶት ኢቲ»ም አስቡበት። ሁሉንም እይዛለሁ ማለት ግን ማለቂያ የለውም፤ አስመሳይ አጻጻፍ በሺህ ይቆጠራል። ከዚያ ይልቅ የንግድ ምልክታችሁን አስመዝግቡ። በአገራችን ይህ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ዓ.ም. የተደነገገ ነው። ነገ ለግልግል ብትሄዱ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው።

ሦስተኛ፣ አንድ አድራሻ ይኑራችሁ፤ እሱኑ በደረሰኝ፣ በማስታወቂያ፣ በቴሌግራም ሳትቀያይሩ ንገሩ። ለእያንዳንዱ ዘመቻ አዲስ ስም መግዛት የኤክዊፋክስን ስህተት መድገም ነው። አስመሳይ ስታገኙም ቀኑ የሚታይበት የገጽ ምስል አስቀሩ፤ ለስም መዝጋቢውና ገጹን ለሚያስተናግደው ድርጅት አመልክቱ፤ ለደንበኞቻችሁም በግልጽ ተናገሩ። ብዙ ድርጅት የመጨረሻውን የሚተወው ያዋርደኛል ብሎ ነው። የሚያዋርደው ግን ደንበኛው ከተዘረፈ በኋላ መስማቱ ነው።

አንባቢ የሆናችሁ ደግሞ አድራሻን ከቀኝ ወደ ግራ አንብቡ። ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር በፊት ያለውን ተመልከቱና ወደ ኋላ ሂዱ፤ ከ«ዶት ኮም» ወይም ከ«ዶት ኮም ዶት ኢቲ» ወዲያው በፊት ያለው ቃል ነው ባለቤቱ። ከእርሱ በስተግራ የተደረደረውን ማንም እንደፈለገ ሊጽፈው ይችላል፤ የባንካችሁን ስምም ጭምር።

ያ ኢንተርኔት ቤት በር ላይ የተሰለፈ ልጅ ይህን ቢያውቅ ንስሩንና ባንዲራውን ሳያይ መጨረሻውን ብቻ አይቶ ይለይ ነበር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ አባቶቻችን። እውነት ነው፤ በኢንተርኔት ግን ስም ከመቃብር በላይ እንዲውል በየጊዜው መታደስ አለበት፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ መያዝ አለበት። ያልያዝነውን ሌላው ሲይዘው «የኔ ነበር» ማለት መብት ነው፤ ግን ውድ መብት ነው።

ቸር እንሰንብት።